የአርሴማ ዱላና የእኔ ፊት

መሐል ሜዳ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለፍሬአብ፣

ሰላምታ ሳያስቀድሙ ነገር መጀመር የባለጌ ሥራ ነው ተብዬ ስላደግሁ ብቻ ጤናህን እጠይቃለሁ። ያለህበትን አገር ብርድ መድኃኔ ዓለም ያቅልልህ፤ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኛ ደኅና ነን። ልጄ አርሴማም ደኅና ናት፣ እሷ ያለችበት ሁኔታ ደኅና ከተባለ።

አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ። በወይዘሮ እመቤት ልጅ እጅ የላክኸው ጥቅል ደርሷል። ሹራብ መስሎኝ ደስ እያለኝ ነበር የፈታሁት። ሁለት አጫጭር ዱላዎች፣ በጥቁር ስፖንጅ ተጠቅልለው፣ በሰንሰለት ተያይዘው ወጡ። ሽታቸው የተቃጠለ ጎማ ነው። እጄን በሳሙና ታጠብሁ፤ ሽታው ግን አልለቀቀኝም። አርሴማ ስሙ ኑንቻኩ ነው አለችኝ። ስሙም አስጠላኝ።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስፖርት ሳይንስ ተማርሁ ብላ ስትመጣ እንኳ ችዬ ነበር። ሥራ እስክታገኝ ቤት ተቀመጪ አልኋት። ይኸው ተቀመጠች! ጠዋት ተነሥታ ግቢ ውስጥ ያንን ነገር ማሽከርከር ነው። በብብቷ ሥር ታሾልከዋለች፣ በጀርባዋ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ታቀብለዋለች፣ በእጇ ጀርባ ላይ ታንከባልለዋለች፣ ከዚያ ግንባሯን ይመታታል። ከዚያ እንደገና። ጎረቤቶቼ በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። እኔ ፊቴን አዞራለሁ፤ ባየሁት ቁጥር ሆዴን ያቅለሸልሸዋል። ዱላ ለከብትና ለሌባ እንጂ ለሴት ልጅ መጫወቻ ሆኖ አላውቅም።

አንተ ያስጀመርሃት አንተ አስቁማት። ስልክ እንዳትደውልልኝ። ዕድሜዬን በወረዳው መዝገብ ቤት የጨረስሁ ሰው ነኝ፤ በስልክ የተባለ ነገር አልቆጥርም። በወረቀት ጻፍልኝ፤ ወረቀቱን ደግሞ አታጨማድደው።

አክስትህ ይመኙሻል


ላይፕዚግ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ፣ ለእትዬ ይመኙሻል፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎን፣ የጉልበትዎን ሕመም፣ የግቢውን ሁሉ ደኅንነት እጠይቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ መጋዘኑ ውስጥ ዕቃ ስደረድር እውላለሁ፤ ማታ ማታ እኔም ዱላዬን ይዤ እለማመዳለሁ።

እትዬ፣ አይቆጡኝ። ይህ ጠብ መማሪያ አይደለም። ማንም አይመታበትም። ጥበቡ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ አንድ አንዱን ዘዴ ለየብቻው ይማሩታል፦ የእጅ አንጓ ዙር፣ በትከሻ ማሳለፍ፣ ወደ ላይ ወርውሮ መቅለብ። ዋናው ግን ማያያዙ ነው። አንዱ ዘዴ የሚያልቅበት ቦታ ሌላው የሚጀምርበት መሆን አለበት፤ እጅ መሐል ላይ ከቆመ ተበላሸ።

በየዓመቱ በቪዲዮ የሚደረግ ውድድር አለ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ የተቀረጸ አንድ ቪዲዮ ይላካል፤ ዳኞች ያዩታል። አርሴማ ልጅ ሆና አንድ ነገር ከያዘች እንደማትለቅ አውቃለሁ። ይህን ትችለዋለች። እዚያ ያለው ኔትወርክ ረጅም ቪዲዮ ስለማይጭን በሚሞሪ ካርድ አድርጋ በፖስታ ትላክልኝ፤ እኔ ከዚህ አስገባላታለሁ። ቃሌ ነው። እስከ ፋሲካ ብቻ ይፍቀዱላት።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ፍሬአብ


መሐል ሜዳ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፍሬአብ፣

የልደቱ ጌታ ሰላሙን ያብዛልህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጥጉ ላይ የዘይት ጠብታ አለበት፤ ስትጽፍ ምን እየበላህ ነበር?

እስከ ፋሲካ ፈቅጃለሁ። ወድጄው እንዳይመስልህ። ብከለክላት ከአጥር ውጭ ሄዳ ታሽከረክራለች፤ ያ ደግሞ ይብሳል።

የላክኸው ሰንሰለት ተበጠሰ፤ ስፖንጁም ተልጦ ግቢውን አቆሸሸው። ተገላገልሁ ስል እሷ አናጢው አዳነ ዘንድ ሄዳ ሁለት የወይራ ዱላ አስጠርባ መጣች። ለሰንሰለቱ ምትክ ለዓመታት ተዘግቶ የሚጠበቀው የጋራ ሣር ምድራችን ጓሳው ባለፈው ሲከፈት ታጭዶ ከቤት ክዳን የተረፈውን ሣር ይዛ ገመድ መግመድ ጀመረች። ገመድ ካልሁት ነው! አንዱ ቦታ ወፍራም፣ አንዱ ቦታ እንደ ክር የቀጠነ፣ በየመሐሉ ሣሩ የተንጨፈረረ። አይቼ ዝም ማለት አልቻልሁም። ኤጭ ብዬ ቀማኋትና በውኃ አርሼ እንደገና ገመድሁት። አባቴ ያስተማረኝ ነው። ለዱላዋ አዝኜ አልነበረም፤ እንዲያ ያለ ገመድ በቤቴ ሲታይ ስለሚቀፈኝ ነው።

ከዚያ ሌላ ችግር መጣ። ሰንሰለቱ ጫፉ ላይ የሚዞር ነገር ነበረው። ገመድ ያ የለውም። ዱላውን ባንከባለለች ቁጥር ይጠመዘዛል፤ ሲበዛበት ይቋጠርና ዱላው እጇ ላይ ይሰናከላል። ቀኑን ሙሉ ስትናደድ ዋለች። «ወደ አንድ ወገን ብቻ ከጠመዘዝሽው ምን እንዲሆንልሽ ነው?» አልኋት። ትንሽ አሰበችና ሥራዋን ከሥሩ አፍርሳ እንደገና ሠራችው። አሁን ግማሹን ስትሄድ ትጠመዝዘዋለች፤ ግማሹን ስትመለስ በተቃራኒው እያንከባለለች ትፈታዋለች። ሲያልቅ አንዱን ዱላ ለቅቃ ገመዱን ታያለች። ቀጥ ብሎ ካልወረደ እንደገና።

ካርዱ እዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። የቀረጸችን የጎረቤታችን የይታይሽ ልጅ ናት። ከአርሴማ ኋላ የበግ ጠጉር ባናዬን ለብሼ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ። ያላገባች ሴት ልጅ ብቻዋን ተቀርጻ ባሕር ማዶ ስትላክ አልወድም፤ እናት እንዳላት ይታይ ብዬ ነው። ፊቴ ላይ የምታየውን ተወው፤ ያው ፊቴ ነው። ገመዱን ግን እስከ መጨረሻው እይ።

ዳኞቹ የሚሉትን በወረቀት አሳውቀን። አርሴማ አፍ አውጥታ አትጠይቅህም፤ ግን ከዚህ ሌላ የምታስበው ነገር የላትም።

ይመኙሻል


ላይፕዚግ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

እጅግ ለማከብርዎት፣ እንደ እናቴ ለማይዎት፣ ለቤተሰባችን ዋርካ ለእትዬ ይመኙሻል፣

እንደምን ከረሙ? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ሁልጊዜ በጸሎቴ አስብዎታለሁ፤ እድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ካርዱ ደርሶኛል። በጣም፣ በጣም ደስ የሚል ነው። አርሴማ ጎበዝ ናት። የእርስዎ ከኋላ መቀመጥ ደግሞ እንዴት እንዳማረ አልነግርዎትም! ባናው፣ የድንጋይ አጥሩ፣ ያ መሐል ላይ «ኤጭ» ያሉት... ጓደኞቼ ደጋግመው አዩት።

ሌላ ካርድ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። በዚህኛው እርስዎ ወደ ካሜራው ትንሽ ጠጋ ብለው ይቀመጡ፤ ከሩቅ ፊትዎ በደንብ አይታይም። የሚቻል ከሆነ ጓሳ ላይ ሆኖ፣ ጭላዳዎቹም ከኋላ ቢታዩ ግሩም ነበር። የተሰማዎትን ሁሉ እንደ ልብዎ ይናገሩ፤ ምንም አይያዙ።

ልጅዎ ፍሬአብ


መሐል ሜዳ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፍሬአብ፣

በሰላም ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርስህ። ዋርካ ያልኸኝን አልወደድሁትም፤ እንዲህ ያለ ሙገሳ የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር ይደብቃል። መዝገብ ቤት ሳለሁ ማመልከቻው በምስጋና ሲጀምር ከታች ያለውን ቀድሜ አነብ ነበር። የአንተንም ከታች ጀምሬ አነበብሁ። ስለ ዳኞቹ አንድ ቃል የለበትም።

ያም ሆኖ ለውድድሩ ከሆነ ብዬ ጓሳ ሄድን። በጾም፣ በዚያ ንፋስ፣ በዚህ ጉልበቴ! ጭላዳዎቹ ሣሩን እየነጩ ነበር፤ አርሴማ ዱላውን ስታስፏጭ ገደሉን ይዘው ወረዱ። እኔም እግር ቢኖረኝ እከተላቸው ነበር።

ሳንጀምር የጓሳው ጠባቂ እሱባለው መጣ። ዓይኑ ቀጥ ብሎ የሄደው ገመዱ ላይ ነው። «እትዬ፣ ይህ ሣር ከየት ነው? ጓሳው ዝግ መሆኑን ያውቃሉ» አለኝ። እኔን! ከዚህ አምባ አንዲት ዘለላ ያለ ጊዜዋ ያላነሣሁትን! «በተከፈተ ጊዜ በሕግ የታጨደ ነው፤ ደርቆ ቢጫ የሆነውን ትናንት ከታጨደው መለየት ካቃተህ ምኑን ትጠብቃለህ?» አልሁት። ዳሰሰውና ይቅርታ ጠየቀኝ።

ከዚያ ጥብቅ ብሎ ቆሞ ነበር፤ አርሴማ ስትጀምር ግን ዱላውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። እስከ መጨረሻው አየ። ገመዱ ተፈትቶ ሲወርድ «ኧረ ልጅቱ መለሰችው!» አለ። ማንም ሳይነግረው ገባው። «እንደገና ትችያለሽ?» ብሎ ጠየቃት፤ አርሴማም ደገመችለት። እኔ እንደ ልማዴ ከኋላዋ ተቀምጬ በንፋሱ ስንቀጠቀጥና ስራገም ነበር። በጠየቅኸው መሠረት ጠጋ ብያለሁ።

ካርዱን ልኬአለሁ። ዳኞቹ ምን አሉ?

ይመኙሻል


ላይፕዚግ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልቤ ንግሥት፣ ለደግና ለቅን አክስቴ፣

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን! እንኳን አደረስዎት! መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ለበዓሉ ትንሽ ብር በባንክ ልኬአለሁ፤ ከእኔ መሆኑ ነው፤ ለራስዎ የሚያምርዎትን ይግዙበት።

የውድድሩ ጊዜ ትንሽ ተራዝሟል፤ እነግርዎታለሁ። እስከዚያ ግን አርሴማ ያን ሁሉ ረጅም ነገር እየሠራች አትድከም። አጫጭር ይበቃል። እንዲያውም እሷ ከጎን ሆና ዱላውን ብታሽከረክር፣ ካሜራው እርስዎ ላይ ቢሆን፣ ዱላው በጆሮዎ አጠገብ ሲያልፍ ደንገጥ ብለው «ኤጭ» ቢሉ። ብዙ ጊዜ ደጋግመው ይቅረጹት። ሽንኩርት እየላጡ ቢሆንም ይሆናል።

ሁሌም የእርስዎ
ፍሬአብ


መሐል ሜዳ፣ ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍሬአብ፣

ጤናህን አልጠይቅም። ደኅና መሆንህን በሰው ስልክ አይቻለሁ።

ከገበያ ሽንኩርት ይዤ በጫኔ ባጃጅ ስመለስ ነው። ከጫኔ ኪስ ውስጥ የራሴ ድምፅ «ኤጭ!» አለ። ዞር ብዬ ሰው ፈለግሁ። እንደገና «ኤጭ!» አለ፤ ከኋላው በግ ጮኸ። ስልኩ ነው የሚጠራው። አጠገቤ የተቀመጡት ሁለት ተማሪዎች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይንፈቀፈቃሉ። «እትዬ፣ እርስዎ እኮ ታዋቂ ነዎት!» አለኝ ጫኔ። ክፋት የለበትም፤ ያከበረኝ መስሎት ነው።

አሳየኝ አልሁት። መንገድ ዳር አቁሞ አሳየኝ።

ፊቴ ስልኩን ሞልቶታል። አፍንጫዬ ተሰብስቧል፣ ከንፈሬ ተጣሟል። «ኤጭ» ስል በግ ይጮሃል። ከዚያ እንደገና። ከዚያ ፊቴን እንደ ሊጥ ጎትተህ አስረዝመኸዋል። ከላይ «የመንዟ አክስት» የሚል ጽፈሃል፤ ስምህን ብትደብቅም ካርዶቹን የላክሁት ለአንተ ብቻ ነውና ለየሁህ። ከሥር ሰው የሚጽፈውን ጫኔ ለማንበብ ሲያፍር ነጥቄ ራሴ አነበብሁት፤ አንዱ «ሴትዮዋ ቁርሷን ኮሶ ነው እንዴ የጠጣችው?» ይላል። ያ ብቻ መሰለህ? ገጽህ ከዳር እስከ ዳር የእኔ ፊት ነው። ጓሳ ላይ በብርድ የተንቀጠቀጥሁትን እንኳ ዘፈን አስገብተህ አስጨፍረኸኛል። በጾም!

አርሴማን ፈለግኋት። አለች፤ ክርኗ አለ። የዱላው ጫፍ አንዳንዴ በጆሮዬ በኩል ብቅ ይላል። አንዷን ቪዲዮ ብቻ ትንሽ አስረዝመሃታል፤ እሷንም መሐል ላይ ቆርጠሃታል፤ ገመዱ ተጠምዝዞ ተጠምዝዞ ሊቋጠር ሲደርስ። ያቺ ልጅ የለፋችው እኮ ለመመለሻው ነበር።

ለምን እንደተቀመጥሁ ታውቃለህ። እዚህ ነው ያደግኸው። ከኋላዋ እናት ካልታየች ሰው ምን እንደሚላት አሳምረህ ታውቃለህ። ለክብሯ ብዬ ተቀመጥሁ። አንተ እሷን ከፊቴ ገፍተህ እኔን መሣቂያ አደረግህ። ተጸየፍሁህ። ይህን ቃል በወንድሜ ልጅ ላይ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ይኸው ጻፍሁት፤ አልሰርዘውም። የላክኸው ብርም ባንክ ተቀምጧል። አልነካውም፤ ይገማኛል።

ቤት ገብቼ ለአርሴማ ነገርኋት። በሌላ ስም የከፈትኸውን ገጽ አታውቀውም ነበር። አየችው። አላለቀሰችም። ዱላዎቹን ምስማር ላይ ሰቀለችና ሽንኩርቱን ከእጄ ተቀብላ መክተፍ ጀመረች።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ለውድድሩ አስገብተኸዋል? አስገብቻለሁ ወይም አላስገባሁም በል። ሌላ እንዳትጽፍ።

ይመኙሻል


ላይፕዚግ፣ ነሐሴ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

አላስገባሁትም።

ሌላ እንዳትጽፍ ብለውኛል፤ ግን ልጻፍ። የመጀመሪያው ካርድ ሲደርሰኝ ለማስገባት ነበር ያሰብኩት። ለቀልድ ያህል የእርስዎን ትንሿን ቆርጬ ለጠፍኳት። ጠዋት ስነሳ ያየው ሰው ብዛት ዓይኔን አላምን አልኩ። ውድድሩ ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት እንኳ ነገ አስገባዋለሁ እያልኩ ሌላ ቆረጥኩ። ተራዝሟል ያልኩዎት ውሸት ነበር።

እትዬ፣ እኔ እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ዱላ ሳዞር ኖሬአለሁ። ጣቴን ሰብሬበታለሁ። ማንም አላየኝም። ሰው የማያየው ነገር መሥራት ምን እንደሚመስል እርስዎ አያውቁም። ሰው ሲመጣ ጊዜ፣ በእርስዎ ፊትም ቢሆን መጣ ብዬ ደስ አለኝ። ሰዉ እኮ ይወድዎታል፤ በክፋት አይደለም የሚስቀው።

ለአርሴማ ምን እንደምላት አላውቅም። ይቅርታ ይበሉልኝ።

ፍሬአብ


መሐል ሜዳ፣ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፍሬአብ፣

አዲሱ ዓመት ለሰው የሚያስብ ልብ ይስጥህ። እውነቱን በመጻፍህ ደብዳቤህን እስከ መጨረሻው አነበብሁ።

ይቅርታህን ነገርኋት። «እሺ» አለች። ከዚህ በላይ አትጠብቅ።

ሰው የማያየው ሥራ አያውቁም አልኸኝ። ዕድሜዬን ምን ስሠራ ነበር የመሰለህ? ሰው ሁሉ ረስቶት የሚሄደውን ወረቀት በየቦታው ሳኖር ኖርሁ። አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ ሲፈልገው እንዲገኝ። ማንም ቆሞ አላጨበጨበልኝም፤ እኔም የማንንም ፊት ቆርጬ አልሸጥሁም።

ክረምቱን ሙሉ ዱላዎቹ ምስማር ላይ ነበሩ። ግቢው ዝም ሲል ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ያ ፉጨቱ ሲቀር ቤቱ ሰው የወጣበት መሰለኝ። አርሴማ ምግብ ትሠራለች፣ ትጠርጋለች፣ ያሏትን ሁሉ እሺ ትላለች፤ እሺታዋ ጭምር አስጠላኝ። እንዲህ ያለች ልጅ አልወለድሁም።

ትናንት ሰማዩ ጠርቶ ሲውል «አውርጂው» አልኋት።

«ለማን ብዬ?»

«ለእኔ።»

«እርስዎ እኮ ሲያዩት ያቅለሸልሽዎታል።»

«ያቅለሽልሸኝ! አውርጂው ብያለሁ።»

ገመዱ በክረምቱ እርጥበት ሻግቶ ነበር፤ አዲስ ገመድሁላት። የይታይሽን ልጅ አልጠራሁም። ስልኩን ራሴ ያዝሁት። ከኋላዋ የተቀመጠ ሰው የለም። ሰው የፈለገውን ይበል፤ እናቷ ስልኩን ይዛለች።

አሁን የምነግርህን ስማ። አንድ ዓመት ሙሉ ስትለማመድ ፊቴን አዞርሁ፤ ስትቀረጽ ከኋላዋ ሆንሁ። ያየሁት ጀርባዋን ነው። ትናንት ነው ፊቷን ያየሁት። ዱላው በትከሻዋ ሲያልፍ፣ በጀርባዋ ሲሄድ፣ ወደ ሰማይ ወጥቶ ሲመለስ እሷ አትከተለውም፤ የት እንደሚመጣ ታውቃለች። የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳለች። አባቷ ማረሻ ሲስል እንዲያ ይነክስ ነበር። መመለሻውን ስትጀምር ዓይኔን ከስልኩ አንሥቼ እሷን አየሁ፤ ምስሉ ቢወዛወዝ የእኔ ጥፋት ነው። ገመዱ ቀጥ ብሎ ወረደ። «ኤጭ» አላልሁም፤ ብትፈልግ ጆሮህን ሰጥተህ ስማ።

ካርዱ ይኸው። ሳትቆርጥ፣ ሳታስረዝም፣ በግ ሳትጨምር ሙሉውን አውጣው። የእኔን ሁሉ ደግሞ አጥፋ። ይህን ካላደረግህ ስሜን ፖስታ ላይ እንዳትጽፍ።

ይመኙሻል


ላይፕዚግ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎት እትዬ፣

ያዘዙትን አድርጌአለሁ። የእርስዎን ሁሉ አጥፍቻለሁ። ሌሎች ሰዎች ወስደው የለጠፉትን ግን ማጥፋት አልችልም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

የአርሴማን ሙሉውን፣ አንድም ሳልነካ አወጣሁት። እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ሰው አላየውም። ከጀመሩትም አብዛኞቹ መሐሉ ሳይደርስ ጥለውት ይሄዳሉ። የሚጽፉት ሁሉ «አክስትየዋ የታለች?» ነው። የዘንድሮው ውድድር እስኪከፈት ገና ወራት አሉ፤ ሲከፈት አስገባዋለሁ። እስከዚያ ግን ሰው ካላየው ምን ዋጋ አለው?

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዳር እንኳ ቢሆን፣ ይቀመጡላት። ሰዉ ለእርስዎ ብሎ ይመጣል፤ እሷንም ያያል። ለእሷ ሲባል ነው።

ፍሬአብ


መሐል ሜዳ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለፍሬአብ፣

ለልደቱ በሰላም ያድርስህ፤ ከሰው አገር ብርድና ከሰው አገር ብቸኝነት ይጠብቅህ። ይህን ከልቤ ነው የምጽፈው። መጸየፌ አልለቀቀኝም፤ ሥጋዬ መሆንህም አልቀረም፤ ሁለቱንም ይዤ ነው የምጽፍልህ።

በዚህ ደብዳቤ አምጪ እጅ ባናዬን ልኬልሃለሁ። ያው በቪዲዮ ላይ የነበረው ነው። አዲስ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን መልበስ አልቻልሁም፤ ለብሼው ስወጣ ልጆች «ኤጭ! ኤጭ!» እያሉ ይከተሉኛል። አንተ ልበሰው። እዚያ ማንም አያውቀውም።

ዳግመኛ አልቀመጥም። አርሴማንም ልቀመጥልሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ እንዳልሰማ ሆና ዱላዋን ማሽከርከር ቀጠለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሴት ልጆች ከእሷ ሊማሩ ወደ ግቢያችን ይመጣሉ፤ ዱላቸውን አዳነ ይጠርብላቸዋል፣ ገመዳቸውን እኔ እገምድላቸዋለሁ። ዱላው ሲያመልጣቸው ጎመኔን ይጨፈጭፉታል፤ ደሜ ይፈላል። ባለፈው ቅዳሜ እናቶቻቸው ደግሞ ልጆቻቸው ብቻቸውን እንዳይሆኑ አብረው መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አፍንጫቸውን ሰብስበው፣ ከልጆቹ ኋላ ተደርድረው ተቀመጡ። ፊታቸውን ሳይ የራሴን አየሁት። «ተነሡ፤ ከፊት ተቀመጡ» አልኋቸው። ተነሥተው ከፊት ተቀመጡ። ስልክ የያዘ ማንም አልነበረም።

ሰው ካላየው ምን ዋጋ አለው ላልኸኝ፣ እኔ አይቼዋለሁ። እስከ መጨረሻው፣ ከፊት ለፊት።

አክስትህ ይመኙሻል